አባወራው እማወራ የሚሆንበት ቤት

ብርቱካናማ ነው፣ ነጭ መቀነት ታጥቋል፣ ከመዳፍ አይበልጥም። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ መልኩን ያውቀዋል። ካርቱን ፊልም ላይ አለ፣ የልጆች ቦርሳ ላይ አለ፣ ክሊኒክ ስትገቡ ተራ የሚጠበቅበት ክፍል ጥግ ባለው የመስታወት ገንዳ ውስጥም አለ። ክላውንፊሽ ይባላል።

ሰሞኑን ስለዚህ ዓሣ ሁለት ወሬ ይዘዋወራል። አንደኛው «ባሕሩ ሲሞቅ ቁመቱን ያሳጥራል» የሚል ነው። ሁለተኛው ለእኛ ቀረብ ይላል፦ ቀይ ባሕር ላይ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ጠፋ የሚል። በዚህ ላይ የቆየው «ወንዱ ሴት ይሆናል እኮ!» አለ። እሱ በየጊዜው ብቅ እያለ ግማሹን ሰው ያስገርማል፣ ግማሹን ያጨቃጭቃል።

ሦስቱም እውነት ናቸው። ለየብቻ ሲነገሩ ግን ተአምር ይመስላሉ። ሥራቸውን ተከትላችሁ ብትወርዱ ሁሉም አንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ እሱም ቤት ነው። የዚህ ዓሣ ነገር ሁሉ የቤት ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ፣ ወይም የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲጠብቅ ልጆቹ አድገው ያለቁበት ሰው፣ ክላውንፊሽን ከባዮሎጂ ተማሪ ቀድሞ የሚረዳው ይመስለኛል።

ለመሆኑ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ወደ 30 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። ብርቱካናማው ስም አወጣ እንጂ ቢጫም፣ ጥቁርም፣ ሮዝም፣ ጠቆር ያለ ቀይም አለ። አንዳንዱ ሦስት ነጭ መቀነት አለው፣ አንዳንዱ ሁለት፣ አንዳንዱ አንድ። ጭራሽ የሌለውም አለ።

የሚኖሩት ሞቃት ውሃ ውስጥ ነው። ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ይጀምራሉ፣ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጠው እስከ ምዕራብ ፓስፊክ ይዘልቃሉ። አትላንቲክ ውስጥ አንድም የለም።

ቀይ ባሕር የራሱ አለው። ከቢጫ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ሁለት መቀነት ያለው ዓሣ ነው። ምጽዋ ወይም ዳህላክ ዋኝቶ የሚያውቅ ሰው አይቶት ሊሆን ይችላል። ጅቡቲ አለ፣ ጂዳ አለ። እስራኤል ውስጥ ኤይላት ያላችሁ ደግሞ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ተከራይታችሁ ኮራሉ (ባሕር ሥር ያለው ድንጋይ መሳይ የእንስሳት ክምችት) አጠገብ ጥቂት ብትዋኙ ልታገኙት ትችላላችሁ። ብቻውን ሲንሸራሸር ግን አትፈልጉት። ቤቱን ፈልጉ፣ እሱ እዚያ ነው።

ቤቱስ ምንድን ነው?

የባሕር አኒሞኒ ነው። ስታዩት አበባ ይመስላል፣ ሲነኩት ግን አበባ አይደለም፤ እንስሳ ነው። ታችኛው ክፍሉ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል፣ ላይኛው በመቶ የሚቆጠሩ ጣት የሚመስሉ ነገሮች ያወዛውዛል። እያንዳንዱ ጣት ላይ በዓይን የማይታዩ የመርዝ ጦሮች ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። አንድ ትንሽ ዓሣ ሲነካቸው ይፈነጠራሉ፣ ይወጋሉ፣ ያደነዝዛሉ። ከዚያ ዓሣው መሐል ላይ ወዳለው አፍ ይገባል። የጄሊፊሽ የቅርብ ዘመድ ነው ቢባል ነገሩ ይገባችኋል።

በዓለም ላይ ከሺህ በላይ የአኒሞኒ ዝርያ አለ። ክላውንፊሽ የሚያስገቡት ግን 10 ብቻ ናቸው። አንዳንዱ የክላውንፊሽ ዝርያ አሥሩም ውስጥ መኖር ይችላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከአንዱ በቀር የሚሆነው የለም። ኮራሉ ላይ ለዓሣ የሚሆኑ አኒሞኒዎች ጥቂትና የተራራቁ ናቸው፣ አብዛኞቹም ተይዘዋል።

ቤት ከሌለስ? ክላውንፊሽ መዋኘት የማይሆንለት ዓሣ ነው። ክብ ነው፣ ዘገምተኛ ነው፣ በዚያ ላይ ከሩቅ የሚታይ ቀለም ለብሷል። ከቤቱ ጥቂት ሜትር ከራቀ ትልልቆቹ ዓሣዎች ቀለብ ያደርጉታል። ጎዳና ላይ ማደር የሚባል ነገር ለእሱ የለም፤ ውጭ ማለት ሞት ነው። ከዚህ በኋላ የማወራውን ሁሉ ስታነቡ ይህቺን ነገር አትርሷት።

ሌላውን ዓሣ የሚገድለው መርዝ እሱን ለምን አይነካውም?

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ይህንን ነው። መርዙ የማይገባው ቆዳ ስላለው ይመስላቸዋል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ጦሩ መጀመሪያውኑ አይተኮስበትም።

የማንኛውም ዓሣ ቆዳ በዝልግልግ ነገር የተሸፈነ ነው። ዓሣ በእጁ ይዞ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚያ ዝልግልግ ውስጥ ልዩ ልዩ የስኳር ዓይነቶች አሉ። አንዱ ሲያሊክ አሲድ ይባላል፣ እኛን ጨምሮ አከርካሪ ባላቸው እንስሳት ሁሉ አካል ላይ ይገኛል። አኒሞኒ የራሱ የለውም። ስለዚህ ሲያሊክ አሲድ ሲነካው «ባዕድ መጣ» ብሎ ጦሩን ይለቃል። የግቢ ውሻ አስቡ። ውሻው ሰው አይለይም፣ ሽታ ነው የሚለየው። ያ ሽታ የሌለው ሰው ቢገባ አይጮህም።

ጃፓን የሚገኘው የኦኪናዋ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2025 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ጥናት የክላውንፊሽ ዝልግልግ ውስጥ ይህ ነገር በጣም ትንሽ ሆኖ አገኙት። የበለጠ የገረመኝ ደግሞ ሲወለድ እንዲህ አለመሆኑ ነው። ገና እጭ ሆኖ፣ ማለትም ከእንቁላል ወጥቶ ሙሉ ዓሣ ሳይሆን፣ እንደማንኛውም ዓሣ ነው። ያኔ አኒሞኒ ቢነካ ይነደፋል። ነጩ መቀነት ሰውነቱ ላይ መውጣት ሲጀምር ግን መጠኑ ይቀንሳል። መቀነቱ ልክ እንደ ቤት ቁልፍ ነው፤ ሲታጠቅ በሩ ይከፈትለታል።

ያም ሆኖ ዘሎ አይገባም። አዲስ ቤት ያገኘ ዓሣ መጀመሪያ በጭራው ጫፍ ነካ ያደርጋል፣ ይሸሻል፣ ይመለሳል፣ በሆዱ ይነካል። ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይፈጃል። ትንሽ መለብለቡ አይቀርለትም። በመጨረሻ ጠቅልሎ ይገባል።

ቤቱ ውስጥ እነማን ናቸው የሚኖሩት?

አንድ አኒሞኒ ውስጥ ሁለትም ስድስትም ዓሣ ሊኖር ይችላል። አንዷ ትልቅ ናት። ሌላው ከእሷ ትንሽ ያንሳል። ቀሪዎቹ እየደቀቁ ይሄዳሉ። ሰው ሲያይ «አባት፣ እናት፣ ልጆች» ይላል። ካርቱኑም ያስተማረን ይህንኑ ነው።

ስህተት ነው። ቤተሰብ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው ተመራማሪ ፒተር በስተን ፓስፊክ ላይ ባለችው ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ አብረው የሚኖሩትን ዓሣዎች ዘር ሲመረምር የቅርብ ዝምድና አላገኘባቸውም። ትልቋ የቤቱ እማወራ ናት፣ እንቁላል የምትጥለው እሷ ብቻ ናት። ሁለተኛው አባወራው ነው፣ ከእሷ ጋር የሚወልደው እሱ ብቻ ነው። የቀሩት ደባሎች ናቸው። የቀበሌ ቤት ውስጥ በደባል የኖረ ሰው ቃሉን ያውቀዋል፤ አንድ ጣራ ሥር ናችሁ፣ ዘመድ አይደላችሁም፣ መውጫም የላችሁም።

ደባሎቹ አይወልዱም። ወንድም ሴትም አይደሉም ማለት ይቻላል፤ ሰውነታቸው ውስጥ የሁለቱም ጅማሬ አለ፣ አንዱም አልሠራም። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ወረፋ ይጠብቃሉ።

ይህ ወረፋ የቀልድ አይደለም። ሁለተኛው ሦስተኛውን አያሳልፍም፣ አራተኛው ሦስተኛውን አይዘልም። በስተን ከመሐል አንድ ዓሣ ሲያወጣ ከሥሩ ያሉት በሙሉ አንድ አንድ ደረጃ ከፍ አሉ፣ ያውም በሥርዓት። የታክሲ ሰልፍ እንደዚህ ቢከበር ምን ነበረበት!

ለምን አይጣሉም?

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጥመው። በ2003 በስተን ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ የአንድ ቤት ዓሣዎች ቁመት ሲለካ በመካከላቸው የተወሰነ ርቀት እንዳለ አሳየ። እያንዳንዱ ዓሣ ከበላዩ ካለው 80 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆማል። አጋጣሚ አይደለም። ታናሹ እድገቱን ራሱ ይይዘዋል። ምግብ አጥቶ ሳይሆን፣ ቢያድግ አደጋ ስለሚሆንበት ነው።

ለምን አደጋ ይሆናል? መጠኑ ወደ አለቃው ከተጠጋ አለቃው ተፎካካሪ መጣብኝ ብሎ ያባርረዋል። ተባረረ ማለት ደግሞ ውጭ ነው፣ ውጭ ማለት ቅድም ያልነው ነው። ስለዚህ «አንተ አለቃ ነህ፣ እኔ ለዙፋንህ አላሰጋም» የሚለውን በአፉ ሳይሆን በቁመቱ ይናገራል። ጎንበስ ብሎ ማሳለፍ የሚሉት አማርኛ ለዚህ ዓሣ ቃል በቃል ይሠራል።

አለቃው ሲሞት? ፍሬኑን ይለቃል። ያ ተይዞ የነበረ እድገት ይቀጥላል፣ ቀጣዩ ደረጃ ላይ እስኪደርስ ድረስ ያድጋል፣ እዚያ ሲደርስ እንደገና ይቆማል።

እሺ፣ ወንዱ እንዴት ነው ሴት የሚሆነው?

እማወራዋ ሞተች እንበል። ትልቅ ዓሣ ቀለባት፣ ወይም አረጀች። ረጅም ዕድሜ አላቸው፤ አንዱ ዝርያ ላይ በተሠራ ስሌት እማወራዋ እስከ 30 ዓመት ልትኖር ትችላለች።

ቤቱ ያለ ሴት ቀረ። አባወራው ሚስት ፍለጋ አይወጣም፣ መውጣት አይችልም። ወደ ላይ ይወጣል፦ ራሱ እማወራ ይሆናል። ከደባሎቹ ትልቁ ደግሞ በፍጥነት አድጎ አባወራ ይሆናል። የቀሩት አንድ አንድ ደረጃ ከፍ ይላሉ።

ለውጡ ከአንጎል ይጀምራል። ባህሪዋ በቀናት ውስጥ ይለወጣል፤ ቤቱን ዞራ ትቆጣጠራለች፣ ሌሎቹን ታሯሩጣለች። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት መጀመሪያ አንጎል ወደ ሴትነት እንደሚዞር፣ እንቁላል የሚያመርተው ክፍል ግን ዘግይቶ እንደሚከተል አሳይቷል። ስለዚህ እንደ እማወራ እየገዛች፣ በሆዷ ግን ገና እንቁላል ያልያዘች ዓሣ ለሳምንታት፣ ለወራት፣ ገንዳ ውስጥ ደግሞ ከዚያም በላይ ልትቆይ ትችላለች።

አማርኛ እዚህ ላይ ያስቸግራል። ግሳችን ፆታ ስለሚለይ ስለ አንድ ዓሣ «አደገ፣ አገባ፣ ጠበቀ» ብላችሁ ትጀምሩና «ጣለች፣ ገዛች፣ አረጀች» ብላችሁ ትጨርሳላችሁ። እኔም ከላይ ባለው አንቀጽ መሐል ላይ ቀይሬዋለሁ፣ ልብ ብላችሁ ከሆነ።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ በሽታ አይደለም፣ የባሕር ብክለት ያመጣውም አይደለም። ሁሉም ክላውንፊሽ እንዲህ ነው የሚኖረው፣ ከጥንትም። ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም፤ እማወራ የሆነ ዓሣ ተመልሶ አባወራ አይሆንም። ስለ ሰው ለመከራከር ይህን ዓሣ በማስረጃነት የሚያቀርቡም፣ የሚቃወሙም አይቻለሁ። ዓሣው ስለ ሰው የሚነግረን ነገር የለም። ስለ ቤት እጥረት ግን ብዙ ይነግረናል።

ለምን ከወንድ ወደ ሴት? ለምን በግልባጩ አይሆንም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ኮራል ላይ ከሚኖሩ ፆታ ከሚቀይሩ ዓሣዎች ብዙዎቹ በግልባጩ ነው የሚሄዱት፤ ሴት ሆነው ይጀምሩና ትልቅ ሲሆኑ ወንድ ይሆናሉ። እዚያ አንድ ትልቅ ወንድ ብዙ ሴቶችን ይጠቀልላል። ጉልበት ያለው ወንድ ብዙ ይወልዳል፣ ስለዚህ ትልቅ ሲኮን ወንድ መሆን ያዋጣል።

ክላውንፊሽ ቤት ግን ጠባብ ነው። አንድ ለአንድ ናቸው። ወንዱ ምንም ቢገዝፍ ሁለተኛ ሚስት የሚያኖርበት ቦታ የለውም። ሴቷ ግን በገዘፈች ቁጥር ብዙ እንቁላል ትጥላለች። ትንሽ ወንድ ለሥራው ይበቃል፣ ትልቅ ሴት ግን ትርፍ አላት። ስለዚህ ሂሳቡ ትልቁ አካል የሴቷ ይሁን ይላል። እንደገና ቤት ነው የወሰነው።

ደባሎቹ ልጆች ካልሆኑ፣ ልጆቹ የት ሄዱ?

እማወራዋ እንቁላሏን የምትጥለው አኒሞኒው ጥላ በሚያጠላበት ባዶ ድንጋይ ላይ ነው። አባወራው አስቀድሞ ድንጋዩን በአፉ ይጠርጋል። እንቁላሉ ከጥቂት መቶ እስከ ሺህ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሥራው የእሱ ነው። በክንፉ ውሃ ያራግብላቸዋል፣ አየር እንዲያገኙ። የሞቱትን ለቅሞ ያወጣል፣ ሌላውን እንዳይበክሉ። ሴቷ ዘበኛ ናት፣ እሱ ሞግዚት። አባት ልጁን ይንከባከባል የሚለው የካርቱኑ ነገር እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

አንድ ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ ልክ ሲመሽ፣ ይፈለፈላሉ። ጨለማ መርጠው ይወጣሉ፣ ጠላት እንዳያያቸው። ከዚያ ማዕበል ይወስዳቸዋል። አባትየው ዞር ብሎም አያያቸውም። አሥር ቀን ገደማ ክፍት ባሕር ላይ ይቆያሉ፣ አብዛኞቹ ይበላሉ። የተረፉት ተመልሰው ኮራል ፈልገው፣ አኒሞኒ ፈልገው፣ ከማያውቋቸው ዓሣዎች ወረፋ መጨረሻ ላይ ይቆማሉ።

ርቀው ይሄዳሉ ብሎ ነበር ሰው የሚያስበው። በ2007 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ግን ሌላ አሳየ። ተመራማሪዎቹ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ኪምቤ በምትባል ትንሽ ደሴት ዙሪያ ለእናቶቹ ጉዳት የሌለው የባሪየም ምልክት በመርፌ ሰጡ። ምልክቱ በእንቁላል በኩል ወደ ልጆቹ ጆሮ አጥንት ይገባል፣ እዚያም ይቀራል። ኋላ ደሴቷ ላይ የሰፈሩትን ትንንሽ ዓሣዎች ሲመረምሩ 60 በመቶ ያህሉ እዚያው የተወለዱ ሆኑ። ባሕር ላይ ከርመው ሰፈራቸው ተመለሱ። እናታቸው ቤት ግን አይደለም፣ ጎረቤት ነው።

ቤቱስ ምን ያተርፋል?

እስካሁን ዓሣው ተጠቃሚ ብቻ ይመስላል። ኪራይ ይከፍላል፣ ያውም በሦስት መንገድ።

አኒሞኒን የሚበሉ ዓሣዎች አሉ፣ ጣቶቹን ቆርጠው የሚሄዱ። ክላውንፊሽ እነሱን ያባርራል። ሁለተኛው ኪራይ ሽንት ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። በአኒሞኒ ሰውነት ውስጥ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩ በጣም ትንንሽ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ለአኒሞኒው ቀለሙንም ከምግቡ ብዙውንም የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ ለእነሱ ማዳበሪያ ነው፣ ልክ ገበሬ ማሳው ላይ ፍግ እንደሚበትነው።

ሦስተኛው የታወቀው በቅርብ ነው፣ በቀይ ባሕሩ ዓሣ ላይ፣ ዮርዳኖስ አገር አቃባ ውስጥ። ሌሊት አልጌዎቹ ኦክስጅን አይሠሩም፣ አኒሞኒው ዙሪያ ያለው ውሃ አየር ያጥረዋል። በ2013 የወጣ ጥናት ዓሣው ሌሊት ዝም ብሎ እንደማይተኛ አሳየ። ጣቶቹ መሐል ይገላበጣል፣ ይሽከረከራል፣ ክንፉን ያርገበግባል። በዚህም ውሃው ይንቀሳቀሳል፣ አዲስ አየር ይገባል። የቤቱ ማራገቢያ እሱ ነው።

ትንሽ ሆኖ ለምንድን ነው እንዲህ የሚደፋፈረው?

ጠላቂ ዋናተኞችን ጠይቁ። ከሻርክ ይልቅ የነከሳቸው ክላውንፊሽ ሊሆን ይችላል። በተለይ እንቁላል ካለ እማወራዋ ከሰው ፊት ለፊት ትቆማለች፣ የመነጽሩን መስታወት ትመታለች፣ ጣት ካገኘች ትነክሳለች። አያምም ይላሉ፣ ያስደነግጣል እንጂ።

ድምፅም አላቸው። መንጋጋቸውን ጠርቀም ሲያደርጉ ጥርስ ከጥርስ ይጋጭና ቋ ቋ የሚል ድምፅ ይወጣል። አለቃ ሲቆጣ እንዲያ ያደርጋል፣ ታናሹ ደግሞ ራሱን እያርገፈገፈ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ ይመልሳል።

ሁሉንም እንግዳ እኩል አይጠሉም። በጣም የሚጠሉት የራሳቸውን ዝርያ ነው፣ ቤት ሊቀማ የሚችለው እሱ ስለሆነ። እንዴት ይለዩታል? ኦኪናዋ ውስጥ ተሠርቶ በ2024 የታተመ ጥናት ሦስት መቀነት ያለውን ዝርያ ወስዶ ልዩ ልዩ መቀነት የተቀባባቸው የፕላስቲክ ቅርጾች አሳየው። ባለ ሦስቱ ላይ ክፉኛ ተነሱ። ባለ ሁለቱን ትንሽ ቀነስ አድርገው፣ ባለ አንዱንና ባዶውን ብዙም ደንታ ሳይሰጡት። መቀነት ይቆጥራሉ ማለት ነው።

ባሕሩ ሲሞቅ ምን ይሆናል?

አሁን ወደ ሰሞኑ ወሬ እንመለስ።

በ2023 የፓፑዋ ኒው ጊኒው ኪምቤ የባሕር ወሽመጥ ከልክ በላይ ሞቀ። የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚያው ቦታ 134 ዓሣዎችን በየወሩ እየለኩ ነበር። አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ አጥረው ተገኙ። ልብ በሉ፣ ከሱ አላልኩም። የሰው ልጅ ሲራብ ይከሳል፣ ቁመቱ ግን አይቀንስም። እነዚህ ቁመታቸው ቀነሰ። ሚሊሜትሮች ናቸው፣ ግን ለዚህ መጠን ያለው ዓሣ ቀላል አይደለም። ያጠሩት ደግሞ ካላጠሩት በተሻለ ተረፉ፤ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እስከ 78 በመቶ ጨመረ። ምናልባት ትንሽ አካል ትንሽ ምግብና ትንሽ ኦክስጅን ስለሚበቃው ይሆናል።

ከዚህ ጥናት የማልረሳው ሌላ ነገር ነው። ባልና ሚስት አብረው ሲያጥሩ የበለጠ ተረፉ። ለምን እንደሆነ አሁን መገመት ትችላላችሁ። አንዱ አጥሮ ሌላው እንዳለ ቢቀር መሐላቸው ያለው ልክ ይዛባል፣ ጠብ ይመጣል። ስለዚህ ቁመታቸውን ሲቀንሱ እንኳ ያንን ልክ ጠብቀው ነው።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን ቤቱ ቆሞ ከጠበቃቸው ነው። ቀይ ባሕር ላይ አልጠበቃቸውም።

በዚያው 2023 የቀይ ባሕር ውሃ ለወራት ከልክ በላይ ሞቀ። ውሃው ሲሞቅ አኒሞኒው በውስጡ ያሉትን አልጌዎች ያስወጣል። ቀለሙ ይጠፋል፣ ነጭ ይሆናል። መንጣት የሚሉት ይህንን ነው፣ በኮራል ላይ የሚሰማው ዓይነት። መንጣት ወዲያው መሞት ማለት አይደለም። አኒሞኒው ግን ምግቡን የሚሠሩለትን አጥቷል፣ በረሃብ እየተሸበሸበ ያንሳል። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌዎቹ ሊመለሱ ይችላሉ።

እዚያ ቶሎ አልቀዘቀዘም። በሳዑዲ ዓረቢያ በኩል መካከለኛው ቀይ ባሕር ላይ በሦስት የኮራል ቦታዎች ክትትል ያደረጉ ተመራማሪዎች አኒሞኒዎቹ ሁሉ ነጥተው ለወራት ሲቆዩ አዩ። ከአኒሞኒዎቹ አብዛኞቹ ሞቱ። ከክላውንፊሾቹ ደግሞ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ ጠፉ።

ቤቱ ሲነጣ ዓሣው ሌላ ቦታ አይሄድም። የሚሄድበት የለውም። ነጭ በሆነው፣ በየቀኑ እያነሰ በሚሄደው አኒሞኒ ውስጥ ይቀመጣል፣ ብርቱካናማ ሆኖ። ጣቶቹ ሲያጥሩ የሚሸሸግበት ይጠባል፤ እማወራዋ መሐል ትገባለች፣ አባወራው ከጎኗ፣ ደባሎቹ ወደ ጠርዝ ይገፋሉ። መጀመሪያ የሚጠፉት ጠርዝ ላይ ያሉት ቢሆኑ አይገርምም። ክፍት ባሕር ላይ አሥር ቀን ከርሞ ሲመሽ የሚመለስ አንድ እጭ ቢኖር ደግሞ፣ መቀነቱን ታጥቆ ሲደርስ የሚያገኘው ባዶ ድንጋዩን ነው።